የምናብ ዓለም ዘብና ዳኛ፦ በኢንተርኔት የሚና ጨዋታዎች ውስጥ አጥፊን ማን ይቅጣ?

እ.ኤ.አ. በ1986 ሉካስፊልም ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሃቢታት» የተሰኘች የምናብ ከተማ በሙከራ ከፈተ። ነዋሪዎቿ ኮሞዶር 64 በሚባለው የቤት ኮምፒውተርና በስልክ መስመር የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ። ከተማዋ ቤት፣ መንገድ፣ ገንዘብና ጋዜጣ፣ የጦር መሣሪያም ነበራት። መዝረፍም መግደልም ይቻል ነበር። በውኑ ዓለም የግሪክ ኦርቶዶክስ ካህን የሆነ አንድ ተጫዋች በዚህች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ከፈተ። ተከታዮቹ መሣሪያ እንዳይዙ፣ እንዳይሰርቁና ጠብ ውስጥ እንዳይገቡ ሥርዓት አወጣላቸው። ቤተ ክርስቲያኑንም በአበባ አስጌጠ። ነገር ግን ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ሥራው በሄደ ቁጥር ሌቦች እየገቡ አበባውን ወስደው ይሸጡት ነበር። በመጨረሻ የከተማዋ ሠሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቁልፍ ገጠሙለት።

ወደ 40 ዓመት ገደማ ያስቆጠረችው ይህች ትንሽ ታሪክ፣ የጨዋታ ኩባንያዎችን ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳውን ጥያቄ በውስጧ ይዛለች። ሌባው ጥፋተኛ ነው ወይስ የሌባ ሚና የሚጫወት ሰው? አበባው የኮምፒውተር ሥዕል ነው፤ የካህኑ ሐዘን ግን የእውነት ነበር። በዚያች ከተማ ለጉዳዩ የተሰጡት ሁለት መልሶች፣ ማለትም ስብከቱና ቁልፉ፣ ከዓለሙ ውስጥ የተገኙ ነበሩ።

በሚና ጨዋታ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥርና ነጋዴ፣ ወታደር፣ አስማተኛ ወይም ማዕድን ቆፋሪ ሆኖ ከሺህ ሰዎች ጋር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይኖራል። የጨዋታው ጣዕም ተመስጦው ነው። ተጫዋቹ ወንበሩንና ስክሪኑን ረስቶ ራሱን በዚያ አገር ያገኛል። አንዱ ሲሳደብ፣ ሲያጭበረብር ወይም ሌላውን ሲያሳድድ ታዲያ ምን ይደረጋል? የተለመደው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ነው። ተበዳዩ የአቤቱታ ቁልፍ ይጫናል፣ የማያውቀው ሠራተኛ ወይም ፕሮግራም ጉዳዩን ያየዋል፣ አጥፊው አንድ ቀን ድንገት ይጠፋል። ተበዳዩ ፍርዱን አያይም። አብረውት የነበሩትም ምን እንደተፈጸመ አይሰሙም። በጨዋታው አገር ታሪክ ውስጥ ጥፋቱም ቅጣቱም ያልነበሩ ያህል ይሆናሉ። ስለዚህም ነው ብዙ የጨዋታ ሠሪዎች ዘቡን፣ ዳኛውንና እስር ቤቱን ከዓለሙ ውስጥ ለማቆም የደከሙት።

ከሁሉ በላይ የደከመው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኡልቲማ ኦንላይን ይመስለኛል። ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ የጨዋታው አባት ሪቻርድ ጋሪዮት ንጉሥ ሆኖ በአደባባይ ሕዝቡን በሚጎበኝበት ሰዓት አንድ ተጫዋች የእሳት አስማት ለቆ ገደለው። ተጫዋቹ ታገደ። ኩባንያው ያገደው ለግድያው እንዳልሆነና በቀደመ ጥፋቱ እንደሆነ ቢናገርም፣ ብዙ ተጫዋቾች ማብራሪያውን አልተቀበሉትም። ንጉሥ መግደል በጨዋታው ሕግ የሚቻል ነገር ከሆነ የውጭው እጅ ለምን ገባ? የሚል ቅሬታ ነበራቸው።

ጨዋታው በይፋ ሲከፈት ደግሞ ከከተማ ውጭ ያለው ሜዳ የነፍሰ ገዳዮች መንደር ሆነ። ከተማ ውስጥ የተጠቃ ሰው ድረሱልኝ ብሎ ዘቦቹን ከጠራ፣ ዘቡ በቅጽበት ከች ብሎ ወንጀለኛውን በአንድ ምት ይጥለዋል። ከከተማው ወሰን ወጣ ብሎ ማዕድን የሚቆፍረው ምስኪን ግን ቢጮህ የሚሰማው የለም። ሲሞት ንብረቱ ሬሳው ላይ ይቀራል፣ ገዳዩም ይወስደዋል። ሠሪዎቹ መልሱን ከዓለሙ ውስጥ ፈለጉ። የንጹሕ ሰው ስም ሰማያዊ፣ የወንጀለኛው ግራጫ፣ አምስት ግድያ የተመዘገበበት ደግሞ ቀይ ሆኖ እንዲታይ አደረጉ። ስሙ የቀላ ሰው ዘብ ወዳለበት ከተማ መግባት አይችልም። ተበዳዩም በገዳዩ ራስ ላይ የወርቅ ዋጋ መቁረጥ ይችላል፤ ገዳዩን የጣለ አዳኝ ራሱን ለዘቡ አስረክቦ ገንዘቡን ይቀበላል።

በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ያማረ ነው። በተግባር ግን ገዳዩ ወዳጁን ጠርቶ «ግደለኝና ሽልማቱን እንካፈል» አለው። የተፈላጊዎቹ ዝርዝርም ማፈሪያ መሆኑ ቀርቶ የዝና ሰሌዳ ሆነ፤ ስሙ ከላይ የተጻፈው ገዳይ ይኮራበት ነበር። ከዚህ የባሰው ተንኮል የመጣው ግን በዘቦቹ በኩል ነው። አንዳንዶች የዋህ ተጫዋችን እያታለሉ ሳያውቅ ሕግ እንዲጥስ ያደርጉታል፣ ስሙ ግራጫ ሲሆን ዘብ ጠርተው ያስገድሉታል። ዘቡ ሐሳብን አይመረምርም፤ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኩባንያው ዓለሙን ለሁለት ከፈለው፤ በአዲሱ ግማሽ ማንም ያለ ፈቃድ ማንንም ማጥቃት አይችልም። ከተጫዋቾቹም የሚበዙት ወደዚያው ተሰደዱ። ዘቡ፣ ቀይ ስሙና የራስ ዋጋው ተደምረው ያልቻሉትን አንድ የካርታ መስመር ፈጸመው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት፣ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ቅጣት ዋጋ ይሆናል የሚለውን ነው። በ2003 ከአይስላንድ የወጣውና በጠፈር ላይ የሚካሄደው ኢቭ ኦንላይን ይህን በግልጽ ያሳያል። በዚያ ጨዋታ ጥበቃ ባለበት ቀጠና ሌላውን ያለ ምክንያት ያጠቃ ሰው፣ ኮንኮርድ የተባለው የፖሊስ ኃይል በሰከንዶች ውስጥ ደርሶ መርከቡን ያወድምበታል። ማምለጥ የለም። ዘራፊዎቹ ግን ሒሳባቸውን ሠርተው ይመጣሉ። ፖሊሱ እስኪደርስ ስንት ሰከንድ እንዳላቸው ያውቃሉ፣ ርካሽ መርከቦች ይገዛሉ፣ የጭነቱ ዋጋ ከሚወድሙባቸው መርከቦች ዋጋ ከበለጠ ይመታሉ። ቅጣቱን እንደ ቀረጥ ይከፍሉታል። በኢቭ ይህ የጨዋታው ባሕርይ ነው፤ የሚጫወቱትም ወደውና አውቀውት ስለሚገቡ ነውር አልለውም። ሥርዓት ማስከበር ነው ብሎ መጥራት ግን አይቻልም።

በ2013 በደቡብ ኮሪያ፣ በዓመቱ ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ የተከፈተው አርክኤጅ የተለየ መንገድ ይዞ መጣ፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ሰው ተክሎ ያሳደገውን ዛፍ ወይም ሰብል ነቅሎ የሄደ ሌባ በቦታው ላይ የእግር ዱካ ይጥላል። የገደለም የደም እድፍ ይተዋል። ጨዋታው ወዲያውኑ አይፈርድም፤ ማስረጃውን መሬት ላይ ትቶ ይጠብቃል። መንገደኛው ዱካውን አይቶ ካመለከተ ወንጀሉ በሌባው መዝገብ ላይ ይጻፋል። መዝገቡ የሞላበት ሰው በተሸነፈና በሞተ ጊዜ ችሎት ላይ ይቀርባል። ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱን ሊቀበል፣ ወይም ልከራከር ሊል ይችላል። ክርክር ከመረጠ አምስት ተጫዋቾች በዳኝነት ይቀመጣሉ፣ የወንጀሉን ዝርዝር ያነባሉ፣ ተከሳሹም የሚናገርበት ጊዜ ይሰጠዋል።

እኛ ይህን ችሎት ለማወቅ ኮሪያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ሌባው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ በአውጫጭኝ ይመረምር እንደነበር፣ ባለጉዳዮችም በዳኛ ፊት በበላ ልበልሃ ይሟገቱ እንደነበር አባቶቻችን ነግረውናል። አንደበተ ርቱዕ ሰው ባልያዘው እውነት ይረታ እንደነበርም እንዲሁ። በአርክኤጅም የሆነው ይኸው ነው። ተከሳሾች ዳኞቹን ለማሳቅ ቀልድ ይናገሩ፣ ይለምኑ፣ ይዋሹ ነበር። አንዳንዱ ዳኛ የሣቀለትን ሰው ለቀቀ፤ አንዳንዱ ሳያነብ ከባዱን ቅጣት ፈረደ፤ ወዳጅ ለወዳጁ አዳላ። የተፈረደበት እስር ቤት ገብቶ ደቂቃዎቹን ይቆጥራል። መዝገቡ እጅግ የከፋ ደግሞ ከወገኑ ተባርሮ ከባሕር ወንበዴዎች ጋር ይቀላቀላል፤ ይህን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ሹመት የፈለጉት ጥቂት አልነበሩም።

ይህ ሁሉ ጉድለት እያለበትም አርክኤጅ ከቀደሙት የተሻለ አንድ ነገር ሠርቷል እላለሁ። ዱካው ሌላውን ሰው ምስክር አድርጎታል። ዛፉ የተነቀለበት ገበሬ ብቻውን የሚጮህ ሰው መሆኑ ቀረ፤ አላፊ አግዳሚው አይቶ ቆመ፣ አመለከተ፣ ለዳኝነት ተቀመጠ። ጥፋቱ በአገሩ ታሪክ ውስጥ ቦታ አገኘ። ጨዋታው በምዕራቡ ዓለም በ2024 ሲዘጋ ችሎቱም አብሮ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ሐሳብ በዚህ ስፋት አንሥተው ሲሠሩበት አላየሁም። ያሳዝነኛል።

እስካሁን ያነሣኋቸው ጥፋቶች ግን በገጸ ባሕርይ ላይ የተፈጸሙ ናቸው። ገንዘቡ ተዘረፈ፣ ዛፉ ተነቀለ፣ መርከቡ ወደመ። ሰውን ራሱን የሚነካ በደል ሌላ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ደግሞ የዚህ ሁሉ ንድፍ ትልቁ አደጋ ነው።

በ1990 የዜሮክስ ተመራማሪ የነበረው ፓቬል ከርቲስ በጽሑፍ ብቻ የምትኖር ላምዳ ሙ የተባለች ዓለም ከፍቶ ነበር። ሥዕል የለም፤ ሰው የሚያየው «እገሌ ገባ፣ እገሌ ተቀመጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። በ1993 አንድ ተጠቃሚ ሌሎች ገጸ ባሕርያት ያላደረጉትን ያደረጉ የሚያስመስል ትንሽ ፕሮግራም ይዞ ሰው በተሰበሰበበት ሳሎን ገባ። በሌሎች ገጸ ባሕርያት ስም አስጸያፊ የወሲብ ጥቃት እየጻፈ በሁሉም ፊት አነበበባቸው። ከተጠቁት አንዷ በማግስቱ ምሽት ስለ ጉዳዩ ስትጽፍ ታለቅስ ነበር። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ሰዓታት ተከራከሩ። የመጨረሻው ቅጣት በዚያ ዓለም ቋንቋ «ጉርጥ ማድረግ» ይባላል። ከጥንት የመጣ የተረት ቅጣት ነው፤ ትርጉሙ ግን ገጸ ባሕርዩን ፈጽሞ መደምሰስ ነበር። ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ፤ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ብቻውን ወስኖ ደመሰሰው። ከርቲስ ከዚያ በኋላ ነዋሪዎች በፊርማና በድምፅ ሕግ የሚያወጡበትን ሥርዓት ዘረጋ። ያ ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ በሌላ ስም ተመለሰ።

ጉርጥ የሆነው ገጸ ባሕርዩ ነበር፤ የበደለው ግን ሰውየው ነው። ሴቲቱን ያስለቀሳት አስማተኛ ወይም ሽፍታ አልነበረም፤ ከጽሕፈት ሰሌዳ ጀርባ የተቀመጠ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው በደል ዘብ በሰይፍ ቢመጣ፣ ዳኛ በካባ ቢቀመጥ ተበዳዩን ማላገጥ ይሆናል። በደሉም የጨዋታው አካል ይመስላል። እዚህ ላይ ጭንብሉ ወልቆ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን አድርገሃል፤ ስለዚህ ከዚህ ትወጣለህ» ሊባል ይገባል።

የታሪኩ ልብስ ስድብን እንደማይሸፍን የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። በጥንታዊት ግብፅ አምሳል የተሠራው «ኤ ቴል ኢን ዘ ዴዘርት» ተጫዋቾቹ ሕግ አርቅቀው ድምፅ የሚሰጡበት ድንቅ ጨዋታ ነበር፤ የሚመርጡት አለቃም እስከ ሰባት ሰው ድረስ ለዘለዓለም የማባረር ሥልጣን ነበረው። በ2004 ግን የጨዋታው ሠሪዎች ራሳቸው አንድ የባዕድ አገር ነጋዴ ፈጥረው አስገቡ። ይህ ነጋዴ ሴቶችን እየናቀ አልሸጥላችሁም ይላል። ሐሳቡ ተጫዋቾቹን ለክርክርና ለሕግ ማውጣት ማነሣሣት ነበር። ቁጣው ግን ከጨዋታው ውጭ ፈነዳ። ሴት ተጫዋቾች በሥራ ገበታቸውና በመንገድ የሚገጥማቸውን፣ ሊሸሹት የመጡትን ንቀት በመዝናኛቸው ውስጥ ሲያገኙት፣ «ገጸ ባሕርይ ነው» የሚለው መልስ ቁስሉን አልሻረውም።

ጂቲኤ በተባለው የወንጀል ጨዋታ ላይ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የሚና ሰርቨሮች ይህን ፈተና በየዕለቱ ይጋፈጡታል፤ ሰርቨሮቹ የሚሠሩበትን ፋይቭኤም የተባለ ፕሮግራም የሠራውን ቡድንም የጨዋታው ባለቤት ሮክስታር በ2023 ጠቅልሎታል። በእነዚህ ሰርቨሮች ፖሊሱም፣ ጠበቃውም፣ ሐኪሙም ሰው ነው። ከሚናህ አትውጣ የሚለው ደንብ ጥብቅ ነው። ደንቡ ያማረውን ያህል ለክፉዎች መሸሸጊያም ይሆናል። «እኔ አልሰደብኳትም፤ ገጸ ባሕርዬ ጨካኝ ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ደህና አስተዳዳሪ ያለው ሰርቨር ይህን ሰበብ አይቀበልም፤ ትርኢቱን አቁሞ ሰውየውን በሰውነቱ ያናግረዋል። ለአንድ ደቂቃ ተመስጦ ቢሰበር ኪሳራው ትንሽ ነው።

ቅጣትን ትርኢት ማድረግስ? በ2015 የጊልድ ዎርስ 2 ኃላፊዎች የብዙዎችን ጨዋታ ያበላሸ አንድ አጭበርባሪ ሲይዙ፣ ገጸ ባሕርዩን ራሳቸው እየመሩ ልብሱን አስወልቀው ከከፍታ ላይ ወርውረው ገደሉት፤ ገጸ ባሕርዩን ሰረዙ፣ አካውንቱንም አገዱ። ቪዲዮውንም ለሕዝብ አሳዩ። ተበዳዮቹ እፎይ አሉ፤ ለዓይናቸው የታየ ፍርድ ነበርና። እኔ ግን እፈራለሁ። ማስረጃው የጠነከረ በመሆኑ ያኔ አልተሳሳቱ ይሆናል፤ በስሕተት በአደባባይ የተሰቀለ ሰው ግን ከምናብም አገር ቢሆን ክብሩን የሚመልስለት የለም። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ፣ የተጠቃሚዎችን ጽሑፍና ይዘት የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ሰውን ሲያግዱ ምክንያቱን በግልጽ እንዲነግሩት ያስገድዳል። ቅጣቱ እንደ ሞት መልአክ ማጭድ ይዞ ቢመጣ ያምራል፤ ከማጭዱ ጋር ግን ምክንያቱ የተጻፈበትና አቤት የሚባልበት ደብዳቤ መምጣት አለበት።

ከቅጣት ሁሉ የሚበልጠው በሩ ላይ የተገጠመው ቁልፍ ነው። በ2012 የወጣው ጀርኒ የሚና ጨዋታ ባይሆንም ይህን ለማስረዳት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሁለት የማይተዋወቁ መንገደኞች በረሃ ውስጥ ተገናኝተው አብረው ይጓዛሉ። በሙከራው ወቅት ተጫዋቾች መረዳዳት ሲገባቸው አንዱ ሌላውን ገፍቶ ገደል ይጨምረው ነበር። መሪው ጄኖቫ ቼን ገፊዎቹን ለመቅጣት ሕግ አላወጣም፤ መገፋፋትን ራሱን ከጨዋታው አጠፋው። በምትኩ አንዱ ሌላውን ሲነካ የሁለቱም ሻርፕ የመብረር ኃይል እንዲሞላ አደረገ። ያው ሰው፣ ያው እጅ ነው፤ ቀድሞ የሚገፋው አሁን ለመንካት ይፈልጋል። የዚሁ ቡድን ቀጣይ ሥራ በሆነው ስካይ ደግሞ እንግዳ ከእንግዳ ጋር በጽሑፍ ለማውራት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በሻማ መወዳጀት ይኖርበታል።

አሁን ኩባንያዎቹ የሚሄዱበት አቅጣጫ ግን ሌላ ነው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ የተባለው የጦርነት ጨዋታ በ2023 የተጫዋቾችን ንግግር የሚያዳምጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስገባ፤ ሥራውን የጀመረውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጆች የሚያዘወትሩት የጨዋታ መድረክ ሮብሎክስ በ2025 መጨረሻ፣ መልእክት መለዋወጥ የሚፈልግ ሁሉ ዕድሜውን በፊቱ ምስል ወይም በመታወቂያ ማስመርመር እንደሚኖርበት አስታወቀ። ሕፃናትን ለመጠበቅ እንዲህ ያለው ነገር ያስፈልግ ይሆናል፤ አልቃወመውም። አማርኛ ተናጋሪ ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ሁሉ ግን ማሽኑ ምን ያህል እንደሚሰማ መጠየቅ አለብን።

ቃል የሚያጣራ ፕሮግራም የሚሠራው በተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ነው እንበል። በአማርኛ አንዱን ስድብ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ፣ በሰ ወይም በሠ፣ በጸ ወይም በፀ መጻፍ ይቻላል፤ አንባቢው ግን ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። ብዙው ወጣት ደግሞ ጨዋታ ውስጥ አማርኛን በላቲን ፊደል እንደመጣለት ይጽፋል፤ አንዱ ቃል አሥር መልክ ይይዛል። ዝርዝሩ ሁሉንም ቢይዝ እንኳ ቅኔው ይቀራል። «የእጅህን ይስጥህ» የሚለውን ውሰዱት። ማሽን ቢተረጉመው ምርቃት ነው፤ ለቸር ሰው ሲባልም ምርቃት ነው። በዘረፈህ ሰው ላይ ስትጥለው ርግማን ይሆናል። ይህ የዋሁ ምሳሌ ነው። የሰውን ዘር፣ እናቱን፣ የአካሉን ጉዳት ባማረ ቃል ጠቅልሎ የሚወጋ ስድብ በቋንቋችን ሞልቷል። ሰሙ ለአጣሪው፣ ወርቁ ለተበዳዩ።

እንዲህ ያለው ስድብ የተወረወረበት ልጅ የአቤቱታውን ቁልፍ ሲጫን፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሠራተኛ የትርጉም ማሽኑን አይቶ ምንም ጥፋት የለም ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ልጁ በደሉ ላይ ውድቅ መደረግ ይጨመርበታል። እዚያው ሰፈር ሰብሉን ሲያርም የነበረው ሌላ አማርኛ ተናጋሪ ተጫዋች ግን ቃሉን በሰማበት ቅጽበት ገብቶታል። ዱካ አይቶ ማመልከት ከቻለ፣ የሰማውን ስድብ አመልክቶ ትርጉሙን በሁለት መስመር ቢጽፍ ምን ይከለክለዋል? ፍርዱን እርሱ አይስጥ፤ ፍርዱን ስሙን የሚያስመዘግብ፣ ምክንያቱን የሚጽፍና አቤቱታ የሚቀበል ሰው ይስጠው። ጎረቤቱ እማኝ ይሁን። አርክኤጅ መንገደኛውን ለተሰረቀ ዛፍ ምስክር አድርጎት ነበር፤ ለተሰደበ ልጅ ምስክር የሚያደርገው ጨዋታ ገና አልተሠራም።